የአባት ዕዳ ለልጅ፦ የስዋንዚ ሸለቆ ጠፍ መሬትና ያቀናው ምክር ቤት

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል የአማርኛ ተረት። ዕዳ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ትውልድ ቆፍሮ፣ አቅልጦና ሸጦ ሲያበቃ ጥሎት የሚሄደው መሬትም ዕዳ ነው፤ ያውም ወለዱ ከዓመት ወደ ዓመት የሚከብድ ዕዳ። ለእንዲህ ያለው ዕዳ ተጠያቂው ማን ነው? ትርፉን የወሰደው ባለ ፋብሪካ ነው? ሥራውን የፈቀደው መንግሥት ነው? ወይስ ከዝቃጩ ክምር ሥር የሚኖረው ሕዝብ?

ይህን ጥያቄ ቀድመው ከተጋፈጡት ስፍራዎች አንዱ በብሪታንያ ደሴት ምዕራብ፣ በዌልስ ደቡባዊ ጠረፍ የምትገኘው ስዋንዚ ናት። የታዌ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት የከተማይቱ የታችኛው ሸለቆ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመላ ብሪታንያ በስፋታቸው ከሚታወቁት የኢንዱስትሪ ጠፍ መሬቶች ዋነኛው ነበር። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ዛፍ፣ ሐይቅ፣ ስታዲየምና የንግድ ቤቶች ይታያሉ። ለውጡ በአብዛኛው የሳይንስ ድል ተደርጎ ይነገራል። ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር ግን ወሳኙ ነገር የሣሩ ዘር ወይም የዛፉ ዓይነት እንዳልነበረ ይታያል። ወሳኙ ነገር አንድ የከተማ ምክር ቤት ማንም የማይፈልገውን መሬት «የእኔ ነው» ማለቱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መዳብ ወደ ከሰል ሲሄድ

በስዋንዚ ምድር መዳብ አይወጣም። የከተማይቱ ሀብት የድንጋይ ከሰል ነበር። በዚያ ዘመን አሠራር የመዳቡ ድንጋይ ደጋግሞ መጠበስና ደጋግሞ መቅለጥ ስለነበረበት፣ የሚፈጀው ከሰል በክብደቱ ከድንጋዩ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ከሰሉን ወደ መዳቡ ከማጓጓዝ ይልቅ መዳቡን ወደ ከሰሉ ማምጣት ርካሽ ሆነ። በዚያ ላይ የታዌ ወንዝ መርከቦችን ከባሕሩ እስከ ማቅለጫዎቹ ደጃፍ ያደርስ ነበር።

የመጀመሪያው የመዳብ ማቅለጫ በ1717 ላንዶር በተባለው ስፍራ ተተከለ። ዋይት ሮክ በ1737፣ ሃቮድ በ1810፣ ሞርቫ ደግሞ በ1835 ተከተሉ። የማዕድኑ ድንጋይ በመጀመሪያ ከኮርንዎልና ከአንግልሲ ደሴት፣ በኋላ ግን ከኩባ፣ ከቺሊና ከደቡብ አውስትራሊያ ይመጣ ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከብሪታንያ መዳብ 90 በመቶ ያህሉ የሚቀልጠው በስዋንዚና በአካባቢዋ ነበር። ከተማይቱም «ኮፐሮፖሊስ»፣ ማለትም የመዳብ ከተማ፣ ተባለች።

ይህ ሀብት ከአፍሪካ ታሪክም ጋር የተሳሰረ ነው። በዋይት ሮክ ይሠሩ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል ማኒላ የሚባሉት አምባር መሰል ጌጦች ይገኙበታል፤ እነዚህ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሰው ይገዛባቸው የነበሩ ናቸው። ብሪታንያ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ከሻረች በኋላም ቢሆን፣ በኩባ ኤል ኮብሬ የእንግሊዝ ባለ አክሲዮኖች በባሪያ ጉልበት ያስቆፍሩት የነበረው መዳብ በስዋንዚ መቅለጡን ቀጥሎ ነበር።

የዌልስ ከሰልም ከአፍሪካ ቀንድ ሩቅ አልነበረም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ በቀይ ባሕር የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች በኤደን፣ ከ1883 ጀምሮ ደግሞ በባብ ኤል ማንደብ መግቢያ በምትገኘው በፔሪም ደሴት፣ ከሰል ይጭኑ ነበር፤ ለመርከብ ምድጃ ተመራጩ ደግሞ የደቡብ ዌልስ ከሰል ነበር። በእነዚያ መርከቦች ሆድ ውስጥ ከሰል አንዳጅ ሆነው የተቀጠሩ ሶማሌዎች በዌልስ ዋና የከሰል ወደብ በካርዲፍ ሰፈር መሥርተው ቀሩ። ከሰሉ ወደ ምሥራቅ፣ ሰዉ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ፣ ከጉድጓዱ የወጣው ዋጋ ቢስ ድንጋይ ግን በዌልስ ተራሮች ላይ እየተከመረ ነበር።

ጢሱና ፍርድ ቤቱ

የመዳቡ ድንጋይ በውስጡ ድኝና አርሴኒክ ይዟል። ድንጋዩ ሲጠበስ እነዚህ ነገሮች በጢስ መልክ ይወጣሉ፤ ድኙም ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይሆናል። ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ስለሚነፍስ ጢሱ የሚያርፈው ከወንዙ ማዶ ባለው በኪልቪ ኮረብታ ላይ ነበር። መጀመሪያ ዛፉ ደረቀ፤ ቀጥሎ ሣሩ ጠፋ። ሥሩ አፈሩን መያዝ ሲያቅተው ዝናቡ የላይኛውን አፈር አጥቦ ወሰደው፤ ኮረብታውም በቦረቦር ተበላ።

የአካባቢው ገበሬዎች ከብቶቻችን በጢሱ ምክንያት መገጣጠሚያቸው እያበጠ ያልቃሉ ሲሉ አቤቱታ አሰሙ። በ1833 የሃቮድ ማቅለጫ ባለቤት የነበረውን ጆን ሄንሪ ቪቪያንን ከሰው ፍርድ ቤት አቆሙት። ቪቪያን በነጻ ተለቀቀ። እንጀራቸው በማቅለጫዎቹ ላይ የተመሠረተ ብዙ ሺህ ሠራተኞች በነበሩበት ሸለቆ የጥቂት ገበሬዎች እህልና ከብት ሚዛን ሊደፋ አልቻለም።

ይህ ማለት ግን ባለ ፋብሪካዎቹ ጉዳቱን አላዩም ማለት አይደለም። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጢሱን ለማስወገድ መላ ላገኘ ሰው የሚሰጥ 1,000 ፓውንድ ሽልማት ተመድቦ ነበር። ቪቪያንም ሐምፍሪ ዴቪንና ማይክል ፋራዴይን የመሳሰሉ የዘመኑን ታላላቅ የኬሚስትሪ ሊቃውንት አማክሮ፣ ጢሱን በረጅም መተላለፊያ እያሳለፈ በውኃ ለማጠብ ሞክሯል። ሙከራው ጢሱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ብርቱ ለውጥ የመጣው በ1860ዎቹ፣ ከጢሱ ድኝ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ አውጥቶ መሸጥ ሲጀመር ነበር። ጢሱ ሲባክን የጎረቤት ጉዳት ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ገንዘብ መሆኑ ሲታወቅ ተጠራቅሞ መያዝ ተቻለ። ይህ ትምህርት ለኋለኛው ታሪክ ቁልፍ ነው፤ ከመሬቱ ላይ የወደቀው ዝቃጭ እንደ ጢሱ ገበያ አልነበረውምና።

ባለቤት እያለው ባለቤት ያጣ መሬት

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መዳብ የሚወጣባቸው አገሮች የራሳቸውን ማቅለጫ በማዕድኑ አፍ ላይ ተከሉ። የስዋንዚ እቶኖች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ከ1920ዎቹም ወዲህ በሸለቆው ከድንጋይ መዳብ ማቅለጥ አከተመ። በዚያው ሸለቆ የተተከሉት የዚንክ፣ የብረትና የቆርቆሮ ፋብሪካዎችም ከጊዜ ወደ ጊዜ ተዳከሙ። የሃቮድና የሞርቫ ቅሪት ቀድሞ የቀለጠ መዳብ እያሳሳ እስከ 1980 ቢዘልቅም፣ ዙሪያው ግን ፍርስራሽ ሆኖ ነበር። በሸለቆው የተከመረው ዝቃጭ 7 ሚሊዮን ቶን ያህል ተገምቷል። ከለንደን የሚመጣው ባቡር ሸለቆውን በላንዶር ድልድይ ስለሚያቋርጥ፣ እንግዳ ስለ ስዋንዚ የሚያየው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ጥቁር ክምር ነበር።

ለምን ሳይነሣ ቀረ? መሬቱ ባለቤት አልጠፋውም፤ እንዲያውም ባለቤቱ በዝቶ ነበር። በብዙ ኩባንያዎችና ወራሾች መካከል ተቆራርጦ ስለተያዘ አንዱ ቢያጸዳ ጥቅሙን የሚያገኘው ጎረቤቱ ነበር። ፍርስራሹን የማስወገጃው ወጪ ከመሬቱ ዋጋ ይበልጣል። ዝቃጩ ለመንገድ ሙሌት የሚሸጥ በመሆኑም አንዳንዱ ባለቤት ክምሩን እንደ ጥሪት ቆጥሮ ይጠብቅ ነበር። ምክር ቤቱ በበኩሉ ሌላ ጭንቀት ነበረበት። በየካቲት 1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ለሦስት ተከታታይ ሌሊቶች ከተማይቱን ደብድበው መሐሉን ስላወደሙት፣ ከጦርነቱ በኋላ የነበረው ገንዘብና ጉልበት የዋለው ለመሐል ከተማው ግንባታ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው፣ ምክር ቤቱና ልጆቹ

በ1961 በስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማኅበራዊ አስተዳደር መምህር በነበሩት በሮቢን ሂዩዝ ጆንስ አነሣሽነት የታችኛው ስዋንዚ ሸለቆ ፕሮጀክት የተባለው ጥናት ተጀመረ። ገንዘቡን ናፊልድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ማዕከላዊው መንግሥትና የከተማው ምክር ቤት ተጋርተው ሸፈኑት። የጥናቱ ልዩ ገጽታ ችግሩን በአንድ የሙያ ዓይን ብቻ አለማየቱ ነበር። የሥነ ምድር፣ የዕፅዋት፣ የምህንድስናና የማኅበራዊ ኑሮ አጥኚዎች 475 ሄክታር ያህል የሆነውን ሸለቆ ተከፋፍለው መረመሩት፤ የመሬቱን የባለቤትነት ውጥንቅጥ ጭምር በካርታ ላይ አሰፈሩት። ኬኔት ሂልተን ያዘጋጁት ጠቅላላ ዘገባ በ1967 ታትሟል።

የዕፅዋት አጥኚዎቹ የገጠማቸው ፈተና ቀላል አልነበረም። አፈሩ በዚንክ፣ በእርሳስና በመዳብ ከመመረዙም በላይ ለተክል የሚሆን ምግብ አልነበረውም። አንዱ መፍትሔ ንጹሕ አፈር አምጥቶ መደልደል ነው፤ ነገር ግን ዋጋው አይቀመስም። ሌላው መፍትሔ ከአሮጌ የማዕድን ስፍራዎች የተገኙትንና በዘመናት ምርጫ መርዙን የለመዱትን የሣር ዝርያዎች መዝራት ነበር። ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚገኘው ዝቃጭም በማዳበሪያነት ተሞከረ። ሣሩ በቀለ፤ ያለ ማዳበሪያና ያለ ክትትል ግን እንደማይዘልቅ ታወቀ። የወደሙትን ሕንፃዎች በማፍረሱ ሥራ ወታደሮች ጭምር ተሳተፉ። በኮረብታው ላይ ደግሞ የደን ኮሚሽኑ እንደ ላርች፣ ጥድና በርች ያሉ ዛፎችን ተከለ።

የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ከመርዙ ይልቅ የሚያሰጋቸው እሳት ነበር። ለሰፈሩ ልጆች ሸለቆው ከልካይ የሌለበት መጫወቻ ስለነበር፣ የደረቀ ሣር እያቃጠሉ መጫወት የቆየ ልማዳቸው ነው። አጥር ማጠርና ዘበኛ ማቆም አልበጀም። ስለዚህ ለሸለቆው ተቆጣጣሪ ተሾመና ትምህርት ቤቶቹን እየዞረ ልጆቹን ማነጋገር ያዘ፤ ችግኙንም ራሳቸው እንዲተክሉ አደረገ። ልጆቹ የተከሉትን ማቃጠል ተዉ፤ የሚያቃጥል ሲያዩም ይከላከሉ ጀመር። የሸለቆው ደን የጸናው መሬቱ በሕግ ባለቤት ከማግኘቱ በፊት በልጆች ልብ ባለቤት ስላገኘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአበርቫን ዓርብ

ጥናቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ በዚያው በደቡብ ዌልስ የደረሰው መቅሠፍት ጉዳዩን የገጽታ ማሳመር ከመሆን አውጥቶ የሞትና የሕይወት አደረገው። ዓርብ ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጧት፣ አበርቫን ከተባለችው መንደር በላይ በተራራው ላይ የተከመረው የመርተር ቬል ከሰል ማውጫ ጥራጊ ተንዶ ቁልቁል ወረደ። ናዳው ፓንትግላስ የተባለውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ መካከል 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

ሰባተኛ በመባል የሚታወቀው ያ ክምር ምንጭ በሚፈልቅበት ስፍራ ላይ የቆመ ነበር። የመርተር ከተማ ምክር ቤት መሐንዲስ ከ1963 ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሚደፋው ጥራጊ አደገኛነት ለብሔራዊ የከሰል ቦርድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ምክር ቤቱ ግን መጻፍ እንጂ ማዘዝ አይችልም ነበር፤ ክምሩ የቦርዱ፣ ከሥሩ የሚማሩት ልጆች ደግሞ የመንደሩ ነበሩ። በ1967 አጣሪው ጉባኤ ጥፋቱ የከሰል ቦርዱ መሆኑን በግልጽ ቢያስታውቅም በዚህ ምክንያት ከሥራው የተባረረ ወይም የተከሰሰ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀጠለ። ነዋሪዎቹ የቀሩት ክምሮች ከራሳቸው ላይ እንዲነሡላቸው ሲጠይቁ፣ ከዓለም ዙሪያ ለተጎጂዎች ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ለማስነሻው እንዲከፈል በ1968 ተደረገ። ሐዘንተኛው ገዳዩን ክምር የማስነሻ ክፍያ ተጋራ ማለት ነው። ገንዘቡ በ1997 ያለ ወለድ ተመለሰ፤ በ2007 ደግሞ የዌልስ መንግሥት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ።

ምክር ቤቱ ባለ መሬት ሆነ

ከአበርቫን በኋላ በዌልስ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጠፍ መሬት ክፍል ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ የአካባቢው ምክር ቤት መሬቱን ይገዛል፤ የማቅናቱን ዕቅድ ያወጣል፤ ማዕከላዊው መንግሥት ደግሞ ከወጪው አብዛኛውን ይሸፍናል። በ1976 ሥራ የጀመረው የዌልስ ልማት ድርጅት ይህን ኃላፊነት ተረክቦ አስፋፋው።

የስዋንዚ ምክር ቤት የ1967ቱን ዘገባ ይዞ ወደ ሥራ ሲገባ እጁ ላይ የነበረው ዋና መሣሪያ ይኸው ነበር። ቁራጭ መሬቶቹን ከየባለቤቶቹ እየገዛ አንድ አደረጋቸው፤ በ1970ዎቹም የሸለቆው ዋና ባለ መሬት ሆነ። ውጥንቅጡ የተፈታው በዚህ ነው። አንድ ባለቤት ሲኖር የአንዱ ቦታ ጽዳት ለሌላው ቦታ ዋጋ ስለሚጨምር፣ ቀድሞ ማንም ሊያተርፍበት ያልቻለው ሥራ ለሕዝብ የሚያዋጣ ሆነ። ክምሮቹ ተደለደሉ፤ የሃቮድ ክምር ከነበረበት ስፍራ ከፊሉ ለትምህርት ቤት ዋለ። የጎርፉን ውኃ የሚይዝ ፌንድሮድ የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅም ተቆፈረ።

ቀጥሎ በ1981 የሸለቆው ክፍል በብሪታንያ የመጀመሪያው የተፋጠነ ልማት ቀጣና ተባለ፤ በዚያ የሚሰፍሩ ድርጅቶች ለአሥር ዓመት ከንብረት ግብር ነጻ ሆኑ። ታስቦ የነበረው አዳዲስ ፋብሪካ ይመጣል ተብሎ ነው። በብዛት የመጡት ግን ትላልቅ የችርቻሮ መደብሮች ሆኑ፤ ከቦምብ ፍርስራሽ ላይ በብዙ ድካም ከተገነባው መሐል ከተማም ገበያ ወሰዱ። በ2005 ሞርቫ በተባለው የቀድሞ ማቅለጫ ስፍራ የእግር ኳስና የራግቢ ስታዲየም ተከፈተ።

የጸዳውና የተረሳው

ማቅናቱ የራሱ ጥፋት ነበረው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የቆመው ግንብ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ስለተቆጠረ፣ የዓለምን የመዳብ ገበያ ይመሩ የነበሩት ማቅለጫዎች ከጥቂቶቹ በስተቀር ከምድር ተፋቁ። ከዋይት ሮክ የተረፈው ፍርስራሽ ጥቂት ነው። ሸለቆው አረንጓዴ ሲሆን በዚያ ጢስ ውስጥ የኖሩት ሠራተኞች፣ ከብታቸው ያለቀባቸው ገበሬዎችና በማኒላ የተገዙት አፍሪካውያን ትዝታ ከክምሩ ጋር አብሮ ተደልድሏል። ቁስሉን ማከም አንድ ነገር ነው፤ ጠባሳውን መፋቅ ግን ሌላ ነው። ይህ የታወቀው ዘግይቶ ቢሆንም በሃቮድና በሞርቫ የተረፉት ሕንፃዎች በምክር ቤቱና በዩኒቨርሲቲው ትብብር እየታደሱ ነው፤ በ2023 አንደኛው የኃይል ማመንጫ ሕንፃ የውስኪ መጥመቂያና የጎብኚዎች ማዕከል ሆኖ ተከፍቷል።

ዕዳውም ቢሆን ገና አላለቀም። በፌብሩዋሪ 2020 ከከባድ ዝናብ በኋላ በታይለርስታውን አሮጌ የከሰል ጥራጊ ክምር ተንዶ ወንዝ ዘጋ፤ ሰው ግን አልሞተም። ከዚያ በኋላ በተደረገው ቆጠራ በዌልስ ከ2,500 በላይ የተተዉ የከሰል ክምሮች መኖራቸው ታወቀ። እነዚህን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ባለሥልጣን የሚያቋቁመው ሕግ የጸደቀው በ2025፣ ከአበርቫን ሐምሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ከአበርቫን ብዙም በማይርቀው በመርተር አጠገብ ደግሞ ፎስ-ኧ-ቭራን የተባለ ሰፊ ክፍት የከሰል ማውጫ በ2007 ሥራ ጀምሮ ነበር። ሥራው የተፈቀደው «መሬት የማቅናት ዕቅድ» በሚል ስም ነው፤ ከሰሉ ይወጣል፣ ከሽያጩም አሮጌው ጠፍ መሬት ይቀናል ተብሎ። ቁፋሮው በ2023 ሲቆም ምክር ቤቱ ለመልሶ ማቅናት በተያዥነት የነበረው ገንዘብ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ሥራውን በዕቅዱ መሠረት ለመፈጸም የሚያስፈልገው ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ተገምቷል።

እንግዲህ የደቡብ ዌልስ ታሪክ የሚያስተምረው ጠፍ መሬት ሊቀና እንደሚችል ብቻ አይደለም። ሣርም፣ ዛፍም፣ ገንዘብም የሚገኙት ለመሬቱ የሚጠየቅ አንድ አካል ከተገኘ በኋላ ነው። በስዋንዚ ያ አካል በከተማው ሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤት ሆነ፤ በአበርቫን ግን ምክር ቤቱ አደጋውን እያየ ሥልጣን አልነበረውም። የማቅናቱ ዋጋ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ከቆፋሪው ካልተያዘ፣ ቆፋሪው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ከፋይ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቤቱ ያለ ሰው ነው።